ሐሚድን ደግ ለማለት አርባ ቀን ፈጀብኝ

የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ዛሬም አለፍኩ። ሠላሳ ሁለት ጥይት። የግመሉ ጀርባ እንዳይላጥ ከጨው ጭነቱ ስር ከምናነጥፈው ሰሌን እጥፋት ውስጥ ሰፍቼ። ራሴ ሰፍቼ! በዚህ ዓይን፣ በዚህ ጣት።

ኬላው ያው ነው። የሮቢ ድልድይ። መንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ። የሮቃ ዛፍ። ከዛፉ ስር ደግሞ ሐሚድ የሚባል የጣሊያን ባንዳ፣ ማዕረጉ ሙንታዝ፣ ተጋድሟል። አማቼ ነው፤ የልጄ የጣይባ ባል። ከሁለቱ ግንዶች ሥራ የሚሠራው መንገዱ ላይ ያለው ነው።

ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «አባባ፣ ጨው ነው?»

«ጨው ነው።»

«እለፉ።»

እያዛጋ ተነሳ፣ የግመሉን ጎን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ፣ ተመልሶ ተኛ። መዳፉ ከጥይቱ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። አንድ ስንዝር! ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያታለልኩት ጫካ ላሉት ልጆች አደርሳለሁ። በዚህ ቆላ እንደ እኔ፣ እንደ አሊዪ ያለ ሰው ይኖራል?

ይህን ለሰው ባወራ እሰቀላለሁ። ባላወራ ሆዴ ይፈነዳል። ስለዚህ ለወረቀት አወራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምትጽፈው ጎረቤቴ ዓለምፀሐይ ናት። የቄስ ልጅ። ጣርማ በር ቤቷ ሲቃጠል ወደ ቆላ ወርዳ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። ወረቀቱ መንገድ ሠሪዎቹ የጣሉት የሲሚንቶ ከረጢት ነው። «ጋሼ አሊዪ፣ ሲሚንቶው እጄን በላኝ» ትላለች። ይብላት። እኔ ያልኩትን ብቻ ትጻፍ።

የካቲት ፲፩

ሙቀት። ግመሉ አኩርፏል። ሐሚድ ተኝቷል። ሌላ ወሬ የለም።

የካቲት ፲፭

ሐሚድ ሞተ። ትናንት።

ጥይት አይደለም። ጎራዴ አይደለም። የሮቃው ጥላ ሲዞርበት ጊዜ ከቆመ ካሚዮን ስር ገብቶ ተኛ። ሾፌሩ ምሳውን በልቶ መጣና አስነሳው። ካሚዮኑን ማለቴ ነው። ሐሚድማ አልተነሳም።

ማይጨው ድረስ ዘምቶ፣ ከሰማይ የሚረጨው መርዝ ስቶት የተመለሰ ሰው! ሲነግሩኝ ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። አስተግፊሩላህ። ከዚያ የጣይባ ጩኸት ተሰማ... ሳቁ ጠፋ።

ትናንትናውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርነው። ቀብሩ ላይ የሆነውን ጻፊ። ጀናዛው ላይ ከተሰገደ በኋላ ሼህ ሷሊሕ እንደ ወጉ ዞር ብለው «ይህን ሟች ምን ትሉታላችሁ?» አሉ። ወጉ የታወቀ ነው። ከሟች ወገን ታላቅ የሆነው «ደግ ሰው ነበር» ብሎ ይጀምራል፣ ሕዝቡ ይከተላል። አህያ ሌባውንም ደግ ብለን ቀብረናል። ሁለት ሚስቶቹን በርሃብ የገረፈውንም ደግ ብለናል። የሐሚድ ዘመዶች ባቲ ናቸው፣ አልደረሱም። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ሆነ።

ምን ልበል? ለጣሊያን ያደረ ባንዳ... በዕድሜዬ ዋሽቼ አላውቅም። (ዓለምፀሐይ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። «ኬላው ላይ ጨው ነው የሚሉትስ?» አለች። ጨውም ነበረ! ጻፊ።)

ዝም አልኩ። ሼሁ ደገሙ። ዝም። እኔ ዝም ስል ሕዝቡም ዝም። ዝንቡ ብቻ። ሦስተኛ አልጠየቁም። ያለ አንድ ቃል አፈር አለበስነው።

እስከ ቤቴ ድረስ እየኮራሁ ሄድኩ።

የካቲት ፲፯

ጣይባ ቤት ለቅሶ ተቀመጥኩ። አላየችኝም። ውሃ ለሁሉም አዞረች፣ እኔ ጋ ስትደርስ እንስራው አለቀ አለች። ሲንቦጫረቅ እየሰማሁት።

የካቲት ፳

ሰባቱ ወጣ። ጣይባ የባል ኢዳ ላይ ናት፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። መልእክቷን ያመጣችው ዓለምፀሐይ ናት። እንዲህ ብላለች፦ «ለአባቴ ንገሪልኝ። ባሌን በሰው ፊት ያለ ቃል አስቀበረው። በአርባው ሰደቃ ቆሞ ደግ ቃል ካልሰጠው፣ ኢዳዬን ስጨርስ ልጆቼን ይዤ ባቲ፣ ባሌ አገር እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን አያይም።»

ልጄ አንድ እሷ ናት። ሌሎቹን ፈንጣጣ በላቸው።

«ዋሹና ይገላገሉ እንጂ ጋሼ» አለች ዓለምፀሐይ።

አልዋሽም። ግን እውነተኛ ደግነት እፈልግለታለሁ። ሠላሳ ሦስት ቀን አለኝ። ሰው አንድ ደግ ነገር ሳይሠራ አይሞትም፤ በስህተትም ቢሆን ይሠራል።

«ካሚዮኑን አላበላሸም» አለች።

አይበቃም።

የካቲት ፳፪

ቀኑን ሙሉ አስታወስኩ። ራሴን አመመኝ።

ማይጨው መዝመቱ ደግ ነው... ግን ሲመለስ ምን አለ? «አባባ፣ እኔ አልሸሸሁም፣ እግሬ ቀደመኝ» አለ። ተሰረዘ። የጠፋች ላሜን ከወንዙ ማዶ ፈልጎ አምጥቶልኛል። ግን ሲጠብቃት ተኝቶ ያጠፋትም እሱ ነው። ልጆቹን ይወዳል... ጅብም ይወዳል። ድምፁ ጥሩ ነበር፣ መንዙማ ሲያወጣ ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ እንቅልፍ ይይዘዋል።

ካኪውን የለበሰ ቀን ተጣላን።

«አንተ፣ አታፍርም?»

«ወታደር ነኝ አባባ። ሌላ ሥራ አላውቅም።»

«እረስ!»

«እርሻ ወገቤን ያመኛል።»

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ላመስግነው?

የካቲት ፳፱

ጀውሃ ወረድኩ። ሰው ጠየቅኩ። አንድ በግ ነጋዴ ራሱን እያከከ ቆይቶ፣ «እኔን እንኳ መቶኝ አያውቅም» አለ። ሌላው፣ «ጥላ ሥር ስለሚተኛ ፀሐይ ላይ ቦታ አይዝም ነበር» አለ። አሥራ ሦስት ሰው ጠይቄ ያገኘሁት ይህ ነው። አንዲት ሽማግሌ ግን «ለምን ትጠይቃለህ? አንተ አይደለህም ወይ ዝም ያልከው?» አለችኝ። የማላውቃት ሴት ናት። አፏ መርፌ።

መጋቢት ፬

ሼህ ሷሊሕን ጠየቅኩ። ቃሉ ከዘገየ ይቆጠራል ወይ?

«ቦታው ጀናዛው ላይ ነበር አሊዪ። በጊዜው ጠየቅሁህ።»

«አሁን ብልስ?»

«ሰደቃ ላይ ዱዓ አለ። ለሞተ ሰው መልካም መናገር ማንም አይከለክልህም። አላህ ሰሚ ነው፣ ሰዓት አይቆጥርም። በጉ ስንት ዓመቱ ነው?»

ሼህ ሷሊሕ እንዲህ ናቸው። የኪታብ ዒልማቸው ትልቅ ነው፣ ሆዳቸው ይበልጣል።

መጋቢት ፱

ዛሬ ልቤ ቆሞ ነበር።

ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ግመል ጭኜ ወጣሁ። ጥይት አልደረሰም፣ ጨው ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ ጨው ብቻ ነው! ኬላው ላይ አዲስ ባንዳ ተተክሏል። ከየት እንዳመጡት እንጃ። ጢሙን ቀብቶ፣ አዝራሩን ሁሉ ቆልፎ፣ ሮቃውን ዞር ብሎ የማያይ።

«ጨው ነው» አልኩ።

ጨውን አልነካም። ቢላዋ አወጣ። በቀጥታ ወደ ሰሌኑ፣ በቀጥታ ወደ እጥፋቱ፣ እኔ ወደምሰፋበት ጥግ። ቀደደው።

«ምነው ልጄ? የሽማግሌ ሰሌን...»

«ሁሉም እዚህ ነው የሚደብቀው» አለ። «ሲያስተምሩን መጀመሪያ ያሳዩን ይህን ነው።»

ሮቃው ስር ተቀመጥኩ። ዘቡ ሙቀት የመታኝ መስሎት ውሃ ሰጠኝ።

መጀመሪያ ያሳዩን ይህን ነው...

መጋቢት ፲

አልተኛሁም። ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ የሚማሩት ይህን ከሆነ ሐሚድም ተምሮታል። ሁለት ዓመት! ቸብ ቸብ ያደርግ የነበረው የግመሉን ጎን አልነበረም፣ ሰሌኑን ነው። አሁን ትዝ ሲለኝ አንድ ቀን ደግሞ፣ «አባባ፣ ሰሌንዎ አርጅቷል፣ ስፌቱ ይላላል። ጠበቅ ያድርጉት» ብሎኝ ነበር። እኔ የሳቅኩት ሳቅ! «ይኼ ሞኝ ደግሞ ስለ ስፌት ያስተምረኛል» ብዬ እስከ ዳገቱ ስር ስስቅ ሄድኩ።

እኔን ያታለለኝ? ያ ግንድ?

«ምናልባት ሰንፎ ይሆናል፤ ለመፈተሽ ታክቶት» አለች ዓለምፀሐይ። ልታጽናናኝ ነው። ይሁን። ኢንሻ አላህ ሰንፎ ነው። በሰነፍ መታለፍ ይሻላል፣ በብልህ ከመታለል።

መጋቢት ፲፫

አሊዩ አምባ ገበያ ሄድኩ። ቅቤ ነጋዴዋ ሐቢባ የጥንት ወዳጄ ናት፣ ሚስቴ በሕይወት ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ። ጆሮዋ ስር ጠየቅኳት፦ በሮቢ ኬላ የማያልፍ ነገር አሳልፈሽ ታውቂያለሽ?

ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ፊቷ እንደ ሙሽራ በራ። ለካ እሷም የምታወራለት ሰው አጥታ ሆዷ ሊፈነዳ ነው! ደብዳቤ ነው የምታሳልፈው። ከቅቤው ቅል ውስጥ፣ በሰም ጠቅልላ።

«ያ አማችህ፣ አላህ ይማረውና፣ የሰው በግ ነበር! አንድ ቀን ጣቱን ቅቤው ውስጥ ሰደደ፣ ወረቀቱ ነካው፣ ወላሂ ነካው! ጣቱን አውጥቶ ላሰና ‹ጨው አንሶታል› ብሎ ተኛ። እንደኔ ያለ አታላይ አለ?»

አልሳቅኩም። ለምን እንደማልስቅ ጠየቀችኝ። ጥርሴን አሞኛል አልኳት። (ጥርሴንም ያመኛል።)

መጋቢት ፲፮

ሸማኔው አብዱልመጂድ። እሱ ይባስ።

አምና ጫካ የቆሰለ ወንድሙን በጥጥ እስር ጠቅልሎ በአህያ አሳልፎታል። ልክ ኬላው ላይ ሲደርሱ ብናኙ አፍንጫው ገባና ቁስለኛው አነጠሰ። ጥጥ ውስጥ ሆኖ። ሐሚድ ከሮቃው ስር፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ላነጠሰ ሰው የምንለውን «የርሐሙከላህ» አለ።

አብዱልመጂድ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «ለጥጥ! ጋሼ አሊዪ፣ ለጥጥ የርሐሙከላህ! በእንቅልፍ ልቡ እኮ ነው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹እለፍ› አለኝ። ‹ጥጡን ከብርድ ጠብቀው› አለኝ። ምን ዓይነት ሞኝ...»

አፉ ተከፍቶ ቀረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። የራሱን አፍ ሰምቶ አያውቅም ነበር ለካ።

ማንም አያውቅም። ሁሉም ለየብቻው «እኔ አታለልኩት» ብሎ ሆዱ ውስጥ ቆልፎታል። ቀብሩ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ያሰኘው ምን ነበር? እኔ ነኝ። እኔ ባልቆልፍባቸው...

ግን አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ተኝቶ ነበር ወይስ አልተኛም? ካሚዮኑ ስር እኮ በእውነት ተኝቶ ነበር! እርሻውም በእውነት ወገቡን ያመው ነበር። ሰነፍም ነው፣ ያም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል፤ አንዱን መርጦ አይሆንልህም።

መጋቢት ፳

ሦስት ቀን ቀረ። ደግነቱን አገኘሁ፣ መናገር ግን አልችልም። ምን ብዬ? ጥይት አሳለፈልኝ? ባንዳዎቹ ሰደቃ አይቀሩም፤ ሥጋ ሲሸታቸው ከደብረ ብርሃንም ይመጣሉ። ብናገር እኔ እሰቀላለሁ። እሱስ ይሁን፣ ኖሬያለሁ። ጣይባንም የከዳ ባንዳ ሚስት ብለው ይወስዷታል።

ሌላም አለ። እውነቱን ጻፊ። ኩራቴ ያመኛል። ይህ ወረቀት የተጀመረው እኔ ብልህ መሆኔ እንዲታወቅ ነው። አሁን አንብቢልኝ ስላት ምን ይላል? አንድ ሽማግሌ ሁለት ዓመት ሲሞኝ ይላል።

«ልቅደደው?» አለች።

ተይው።

መጋቢት ፳፬

ትናንት አርባው ወጣ።

ሁለት በግ። ሰው ከጠበቅነው በላይ መጣ። አዲሱ ዘብም ከሁለት ጓዶቹ ጋር መጥቶ ትሪው ፊት ተቀመጠ፣ አዝራሩን እንደቆለፈ። ጣይባ ከመጋረጃው ወዲያ ከሴቶቹ ጋር ናት። አላየኋትም፣ ግን የእሷ ዝምታ ከሌላው ዝምታ ይለያል።

ሼህ ሷሊሕ ዱዓ ከማድረጋቸው በፊት ተነሳሁ። እንደ ጎረምሳ ጥምጣሜን አስተካከልኩ። በሰባ ዓመቴ!

«እኔ አሊዪ ነኝ» አልኩ። እንደማያውቁኝ። «ሐሚድን ታውቁታላችሁ። ሰነፍ ነበር። ከብት ሲጠብቅ ተኛ፣ መንዙማ ሲያወጣ ተኛ፣ ኬላም ሲጠብቅ ተኛ። ሲሞትም ተኝቶ ነው። እኔ ሳልወደው ኖርኩ፣ ሳልመሰክርለት ቀበርኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ደግ ሰው ነበር። በአላህ ፊት እላለሁ። ደግ ሰው ነበር!»

ዝም አሉ። አሁንም ያለ ቃል ሊቀር ነው አልኩ...

«ደግ ነበር!» ከሴቶቹ በኩል። ሐቢባ ናት፣ ቅቤ ስትሸጥ በምትጮኸው ድምፅ።

«ደግ ሰው ነበር!» አብዱልመጂድ። ከጎኑ ደግሞ አንድ የሚያነክስ ጎልማሳ፣ እያለቀሰ፤ «ወላሂ ደግ ነበር!» ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ማን ያቁመው? ከሰል ሻጩ። በግ ነጋዴው፣ ያ «መቶኝ አያውቅም» ብቻ ያለው። ያቺ አፈ መርፌ ሽማግሌም እንኳ። ግመል ነጂዎቹ፣ እንጨት ለቃሚዎቹ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ከአጥር ውጭ የቆሙ ሰዎች። እያንዳንዱ ሲጮህ ጎረቤቱን ዞሮ ያያል፦ አንተም? አንቺም? ያ አላህ፣ በዚያ ድልድይ ምን ያላለፈ ነገር አለ! ሼሁ ሦስት ጊዜ ይበቃል ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ሥጋው ቀዘቀዘባቸው።

አዲሱ ዘብ አጥንቱን ይዞ አፉን ከፈተ። ጠጋ አለኝ።

«ይህን ያህል ምን አድርጎላቸው ነው?»

«ምንም» አልኩት።

መጋቢት ፳፮

ጣይባ አስጠራችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። እንስራው ሙሉ ነበር።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«በየቀኑ ይነግረኝ ነበር። ‹ዛሬም አባትሽ ስፌቱን አላልቶ መጣ፣ አንዷ ጥይት ልትወድቅብኝ በመዳፌ መልሼ ከተትኳት› ይለኛል። መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማን? ለእርስዎ? ገበያ መሀል ሊያወሩት? እሱም ከልክሎኛል። ‹የሽማግሌውን ኩራት አትንኪበት፣ እሱን ይዞ ነው ዳገት የሚወጣው› አለኝ።»

ዓለምፀሐይ፣ ዝም አለ ብለሽ ጻፊ።

ሚያዝያ ፭

ጥይት ደረሰ። ሃምሳ። ሰሌኑ አይሆንም፣ ጨው ውስጥ አይሆንም። ሰባት ቦታ አሰብኩ። ለጣይባ ሰባቱንም ነገርኳት። ሰባቱንም በጣቷ እየቆጠረች ጣለችብኝ። ሐሚድ ዘቦቹ የሚፈትሹትን ቦታ ሁሉ ነግሯታል። የማይፈትሹትንም አንድ ቦታ ነግሯታል።

«የት ነው?»

«አልነግርዎትም። ግመሉን ማታ ግቢዬ ያሳድሩት። እኔው እጭናለሁ፣ እርስዎ ይንዱ።»

«እኔን? አባትሽን?»

«የት እንዳለ ካወቁ ዓይንዎ ወደዚያ ይሄዳል። ሐሚድ ይህንንም ነግሮኛል። ‹አባባ የደበቁበትን ቦታ ላለማየት ሲሉ አንገታቸው ይጣመማል› እያለ...»

ባቲ ስለ መሄድ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሚያዝያ ፮

ዛሬ አለፍኩ።

ያ ዘብ ሰሌኑን ገለበጠ። ጨውን አንድ በአንድ አንኳኳ። የግመሉን አፍ ከፍቶ አየ፤ ግመሉ ተፋበት፣ ባረከው። ጥምጣሜን አስፈታኝ፣ ጫማዬን አስወለቀኝ። ዱላዬን ሰንጥቆ አየ። እኔም ከሱ እኩል እየተገረምኩ እመለከታለሁ። የት አድርጋው ይሆን?

«እለፍ» አለኝ በመጨረሻ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ።

ዳገቱ ስር ስደርስ የጫካ ልጆቹ ግመሉን ወደ ቁጥቋጦው ወሰዱት። አትይ ተብያለሁ፣ አላየሁም፤ ለሮቢ ወንዝ ፊቴን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሃምሳውንም ቆጥረው አሳዩኝ።

ዓለምፀሐይ የት እንደነበር ታውቃለች፤ ሲጭኑ አብራ ነበረች። ከንፈሯን ነክሳ እየጻፈች ነው። አልጠይቃትም።